ፍልሰታ በአሪዞና በረሃ፦ ሰባት ቦታ በሰባት ቀን ለማየት የወጣ አንድ ቤተሰብ

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

ይህን ጉዳይ የምጽፈው የጉዞውን እቅድ ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ እህቴ፣ ባለቤቷ፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ ከጎጃም ለጥየቃ የመጡት እናታችንና እኔ ሆነን ከላስ ቬጋስ ተነሣን። ሐሳባችን በዩታና በአሪዞና ያሉትን ብሔራዊ ፓርኮችና ጥልቅ ሸለቆዎች ማየት ነበር። በአራተኛው ቀን እናታችን በጠራራ ፀሐይ መንገድ ላይ ተዝለፈለፉ። ዛሬ ደህና ናቸው። ለዚያ ያደረሰን ግን ፀሐይዋ ብቻ አልነበረችም፤ አብዛኛው ጥፋት ከሁለት ወር በፊት ጠረጴዛ ላይ የተሠራ ነው። ወላጆቻቸውን ከአገር ቤት አስመጥተው «ግራንድ ካንየንን እናሳያቸው» ብለው በክረምቱ ወደዚያ የሚነዱ ብዙ ቤተሰቦች አውቃለሁ። ይጠቅማቸው ይሆናል ብዬ የሆነውን እንደሆነው አስቀምጫለሁ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መነሻው

እህቴ ነርስ ናት፤ ባለቤቷ ታክሲ ይነዳል። ልጆቹ የ16፣ የ10 እና የ5 ዓመት ናቸው። እናታችን 68 ዓመታቸው ነው፤ የደም ግፊት አለባቸው፤ በየጠዋቱ ሽንት የሚያበዛ ክኒን ይወስዳሉ። ተወልደው ያደጉት ደጀን አካባቢ፣ ከአባይ በረሃ አፋፍ ላይ ነው።

ባልና ሚስቱ በአንድ ጊዜ ፈቃድ ያገኙት ልጆቹ ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት ባለችው አንዲት ሳምንት፣ ከኦገስት 5 እስከ 11 ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ ያቺን ሳምንት እስከ ጫፏ ሞላኋት። ዛየን፣ ብራይስ ካንየን፣ አንቴሎፕ ካንየን፣ ሆርስሹ ቤንድ፣ ሞኑመንት ቫሊ፣ አርችስ፣ ግራንድ ካንየን፤ ሰባት ቦታ በሰባት ቀን። መንገዱ ሲደመር ከ2,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በስልክ ካርታ ላይ ሁሉም ጎን ለጎን ተደርድረው ስለሚታዩ «እዚህ ድረስ ሄደን ይህንን ሳናይ?» የሚለው ሐሳብ ሰውን ያሸንፈዋል፤ እኔንም አሸነፈኝ።

ሦስት ነገሮችን አልተመለከትኩም። አንደኛው ወቅቱ ነው። በዚያ አገር ከጁን አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ የሞንሱን ዝናብ የሚጥልበት ጊዜ ነው፤ ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል ማለት ይቻላል። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ በድንገት ይወርዳል፤ ጠባብ ሸለቆዎችም ይሞላሉ። ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። ከመነሣታችን አንድ ወር ገደማ በፊት፣ ጁላይ 7፣ ላስ ቬጋስ 48.9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ የከተማዋ የምንጊዜም ከፍተኛ ሙቀት ተመዝግቦ ነበር። ከቤት ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ሥራ የምንሄድ ሰዎች ስለሆንን ግን ሙቀቱን በወሬ እንጂ በአካል አናውቀውም ነበር።

ሦስተኛውን ሳስብ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በስልኬ የቀን መቁጠሪያ ላይ ኦገስት 7 ተራ ረቡዕ ነው። እናታችን ከአገር ቤት ይዘውት መጥተው ከአልጋቸው ራስጌ በሰቀሉት ካላንደር ላይ ግን ያው ቀን ነሐሴ 1 ነው፤ ጾመ ፍልሰታ የሚገባበት። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው አልነበረም። እናታችንም አላነሡትም፤ መንገድ ስለወጡ ጾም ይቀራል ብሎ ማሰብ በእሳቸው ዘንድ የለማ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት

ሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተነሣን፤ ይህ በራሱ ዘግይቶ ነበር። ወደ ዩታ ሲገቡ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደፊት ይሄዳል። ስለዚህ ዛየን ስንደርስ ቀትር አልፎ፣ የፓርኩ መኪና ማቆሚያ ሞልቶ ጠበቀን። በዚያ ወቅት ወደ ሸለቆው ውስጥ የግል መኪና አይገባም፤ የሚኬደው በፓርኩ ነጻ አውቶቡስ ነው። በረጅም ሰልፍ ላይ ቆምን፤ ትንሹ ልጅ አለቀሰ። ትልቁ ልጅ ወራት ሙሉ ሲያልመው የነበረው የኤንጀልስ ላንዲንግ አቀበት እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ በዕጣ የሚገኝ ፈቃድ የሚጠይቅ መሆኑን ያወቅነውም እዚያው ነው። ያን ቀን ዛየንን ያየነው በአውቶቡስ መስኮት ነው ብል ይሻላል።

ማክሰኞ ጎህ ሳይቀድ ተነሥተን በመጀመሪያዎቹ አውቶቡሶች ገባን፤ ሁሉም ነገር ተለወጠ። ሸለቆው በጥላ ውስጥ ነበር፤ ቨርጂን ወንዝ አረንጓዴ ሆኖ በድንጋዮቹ መካከል ይፈሳል። ከመጨረሻው ፌርማታ የሚነሣውን ደልዳላ የወንዝ ዳር መንገድ እናታችን ከአምስት ዓመቱ ልጅ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ያለ ችግር ሄዱት። መንገዱ ሲያልቅ ሰዎች ጫማቸውን አጥብቀው ወንዙ ውስጥ ይገባሉ፤ ናሮውስ የሚባለው ጠባብ ሸለቆ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ትልቁ ልጅ መግባት ፈለገ። የፓርኩ ማስታወቂያ የዕለቱን የጎርፍ ስጋት «ሊከሰት ይችላል» ይላል። ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር፤ ልጁም ወደ ላይ እያሳየ ተከራከረ።

እናታችን አንዲት ቃል ተናገሩ፤ «ደራሽ» አሉ። ልጁ ቃሉን አያውቀውም ነበርና አስረዱት። ደጋ ላይ የዘነበው ዝናብ ቆላ የሚደርሰው ፀሐይ ሳለ ነው፤ በበጋ ሰማይ ከብት ሲያጠጡ የተወሰዱ ሰዎች አይተዋል። እኔም እ.ኤ.አ. በ2015 ሴፕቴምበር ወር በዚሁ ፓርክ ኪሆል ካንየን በተባለ ጠባብ ሸለቆ ሰባት ሰዎች በደራሽ ጎርፍ መሞታቸውን ጨመርኩለት። አልገባንም። ማታ ከማደሪያችን አጠገብ ስናየው ያ አረንጓዴ ወንዝ ደፍርሶ ወፍራም ቡና መስሎ ነበር። ልጁ ድልድዩ ላይ ቆሞ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው፤ ምንም አላለም።

ረቡዕ ብራይስ ካንየን ዋልን። የዚያ ሸለቆ አፋፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ ከደጀን ከፍታ ብዙም አይርቅም። ጠዋት እናታችን ጋቢያቸውን ደርበው «አገሬ ገባሁ» አሉ። ጾሙ የገባው ያን ቀን ነው። እስከ 9 ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምሱ ዋሉ፤ ፊታቸው ላይ የድካም ምልክት እንኳ አልታየም። እንግዲህ ያሳሳተን ይህ ነው። ደጋ ላይ የተጾመውን አይተን ነገም እንደዚያው ይሆናል አልን። በዚያው ምሽት ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነድተን ፔጅ ከተማ አደርን።

አራተኛው ቀን

አሪዞና በሙቀት ወራት ሰዓቱን ወደፊት አያደርግም፤ ዩታ ያደርጋል፤ በአሪዞና ውስጥ ያለው የናቫሆ፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ፣ ግዛትም ያደርጋል። ፔጅ የናቫሆ ግዛት ጥግ ላይ ብትሆንም የምትከተለው የአሪዞናን ሰዓት ነው። ስልኮቻችን ግን በአቅራቢያው ካለው የስልክ ምሰሶ የዩታንና የናቫሆን ሰዓት ይዘው ነቁ። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ቀድመን ተነሣን፤ አንድ ሰዓት ቀድመንም ከአስጎብኚዎቹ ግቢ ደረስን። በአነስተኛ ዳስ ሥር፣ በአሸዋ ላይ፣ ተራችንን ስንጠብቅ ቆየን።

አንቴሎፕ ካንየን ያለ ናቫሆ አስጎብኚ አይገባም። ቦታው የናቫሆ ሕዝብ ፓርክ እንጂ ብሔራዊ ፓርክ አይደለም፤ የፌዴራሉ ፓርኮች የመግቢያ ካርድም እዚያ አይሠራም። ታችኛው ክፍል ቀጥ ባሉ የብረት መሰላሎች ስለሚወረድበት ለእናታችንና ለትንሹ ልጅ ብለን መሬቱ ደልዳላ የሆነውን ላይኛውን መርጠን ነበር። ከእቅዴ ውስጥ በትክክል የታሰበበት ይህ አንዱ ነው። ናቫሆዎች ላይኛውን ክፍል «ጼ ቢጋኒሊኒ» ይሉታል፤ ውሃ በዐለት መካከል የሚያልፍበት ማለት ነው። ስሙ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ኦገስት 12 በታችኛው ክፍል 11 ሰዎች በጎርፍ የሞቱት ዝናቡ ከሸለቆው ርቆ ሲጥል ነበር። እናታችን ይህ ሲተረጎምላቸው ወደ ትልቁ ልጅ ዞር ብለው ተመለከቱት።

ከዚያ ስንወጣ ረፋዱ አልፏል። ሆርስሹ ቤንድ የኮሎራዶ ወንዝ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ የሚታጠፍበት ቦታ ነው፤ ተመልካቹ የሚቆመው ከወንዙ 300 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው። ደርሶ መልሱ 2.4 ኪሎ ሜትር ብቻ፣ መንገዱም የተደለደለ ስለሆነ «ከምሳ በፊት አይተነው እንምጣ» አልኩ። ሰዓቱ 6 ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከጥቂት መጠለያ በቀር ጥላ የለም፤ ቀዩ አፈር ሙቀቱን ከታች ይመልሰዋል።

ስንመለስ፣ መኪናችን ሦስት መቶ ሜትር ያህል ሲቀረው፣ እናታችን ቆሙ። «ጥቂት ልረፍ» ብለው መንገዱ ዳር ቁጢጥ አሉ። እህቴ እጃቸውን ስትይዘው ቀዝቅዞ በላብ ርሷል። ከንፈራቸው ነጥቷል፤ ምላሳቸው ከላንቃቸው ጋር እየተጣበቀ ቃሉ አልወጣ አላቸው። ለመነሣት ሲሞክሩ ጉልበታቸው ከዳቸውና በባለቤቷ ክንድ ላይ ወደቁ።

የተወሰዱ እርምጃዎች

እህቴ ወዲያው አስተኛቻቸው፤ እግራቸውን በቦርሳ ከፍ አደረገች። እኔና ትልቁ ልጅ ጋቢውን ወጥረን ጥላ ሠራንላቸው። ነጠላቸውን በውሃ ነክራ በአንገታቸውና በብብታቸው ዙሪያ አደረገች፤ የአሥር ዓመቷ ልጅ በካርታው ወረቀት ታራግብ ጀመር። የደም ግፊታቸው ሲለካ በጣም ወርዶ ተገኘ። እህቴ ጥያቄ ጠየቀቻቸው፤ የት እንዳሉ፣ ቀኑ ምን እንደሆነ። በትክክል መለሱ። «ቢቀባዥሩ ወይም ሰውነታቸው እየጋለ ቢሄድ አንድ ደቂቃ አንጠብቅም፤ 911 ነው የምንደውለው» አለችን። በሙቀት መድከምና ሙቀት አእምሮን ሲመታ ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ገዳይ ነው።

ውሃ ግን አልጠጣም አሉ። 9 ሰዓት አልሆነም። እህቴ ለመነች፣ ተቆጣች፣ በመጨረሻም አለቀሰች። ያኔ እናታችን ራሳቸው መላ አገኙ። ከቦርሳቸው ውስጥ በትንሽ ጠርሙስ የያዙትን ጸበል አውጥተው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ በውሃው ጠርሙስ ላይ ጠብ አደረጉበት። አማተቡ፤ ከዚያ በትንሽ በትንሹ ግማሹን ጠጡ። ማንም አላታለላቸውም፤ ማንም አላስገደዳቸውም። እህቴ ጠርሙሱን እንደያዘች ዝም ብላ ጠበቀች። ከሃያ ደቂቃ ያህል በኋላ ደግፈናቸው መኪናው ጋ ደረስን። በአንድ ሰዓት ውስጥም ግፊታቸው ተመለሰ።

በዚያ መካከል የሆነ አንድ ነገር አለ፤ መደበቅ አልፈልግም። አምቡላንስ ይጠራ አይጠራ ሲባል ከመካከላችን አንዱ ስለ ክፍያው አነሣ። እናታችን የጉብኝት ቪዛ ይዘው የመጡ ስለሆኑ የጤና ኢንሹራንስ አልነበራቸውም። ያ ጥያቄ በዚያ ሰዓት መነሣት አልነበረበትም። ጥፋቱ ግን የጠየቀው ሰው አይደለም፤ ከመምጣታቸው በፊት የጎብኚ ኢንሹራንስ ያልገዛንላቸው የሁላችን ነው።

ማታ 3 ሰዓት ላይ፣ በአገር ቤት ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን፣ እናታችን ለንስሐ አባታቸው ደወሉ። እህቴ ነርስ ሆና ያላሳመነቻቸውን እሳቸው በጥቂት ቃል ጨረሱት። መንገደኛም ሕመምተኛም ስለሆኑ መንገዱ እስኪያልቅ ውሃ እንዲጠጡና የጾም ምግባቸውን ጠዋት እንዲቀምሱ፣ በጸሎቱ እንዲበረቱ ነገሯቸው። እናታችን ያን ሌሊት ተረጋግተው ተኙ። ይህን ስልክ ከመነሣታችን በፊት ደውለነው ቢሆን ኖሮ ሐሙስ እንደዚያ አይሆንም ነበር ብዬ አምናለሁ። ክኒኑን በተመለከተም እህቴ በራሷ አላቋረጠችም፤ በማግስቱ ሐኪማቸውን በስልክ አግኝታ ምክር ጠየቀች። ይህም ከጉዞው በፊት መደረግ የነበረበት ነው።

ያን ምሽት ሞኑመንት ቫሊንና አርችስን ሰረዝን። የአንዱ ሌሊት ማደሪያ ገንዘብ አልተመለሰም። ትልቁ ልጅ አኮረፈ፤ እውነቱን ነው፣ ከሁሉ በላይ ያጓጓው አርችስ ነበር። አባቱ ካርታውን ሰጥቶት «ግራንድ ካንየንን አንተ አቅድ፤ አያትህም ትንሹ ወንድምህም የሚችሉት ይሁን» አለው። ሌሊቱን አጋምሶ ሠራው። ዓርብን በሙሉ አረፍን፤ በማግስቱ በሌሊት ጉዞ ጀመርን።

ግራንድ ካንየን

ልጁ ያወጣው እቅድ ከእኔ ይሻል ነበር። ቤተሰቡን ለሁለት ከፈለው። እናታችን፣ እህቴና ትንሹ ልጅ በደቡቡ አፋፍ፣ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በነጻው አውቶቡስ ከመመልከቻ ወደ መመልከቻ ይሄዳሉ። እሱ፣ አባቱ፣ እህቱና እኔ ደግሞ በብራይት ኤንጀል መንገድ እስከ መጀመሪያው ማረፊያ ወርደን እንመለሳለን። 4.8 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ፣ 340 ሜትር ያህል ቁልቁለት። ወንዙ ድረስ የመውረድ ሐሳብ መጥቶበት ነበር። ይሁን እንጂ የፓርኩ ጠባቂዎች በአንድ ቀን ወንዝ ደርሶ መመለስ እንዳይሞከር አጥብቀው እንደሚያስጠነቅቁ፣ በሙቀት ወራትም ከረፋዱ 4 እስከ 10 ሰዓት በሸለቆው ውስጥ እንዳይኬድ እንደሚመክሩ አንብቦ ራሱ ተወው።

ከመውረዳችን በፊት እናታችን አፋፉ ላይ ቆመው ለረጅም ጊዜ ቁልቁል አዩ። 446 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ ከ1.6 ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ሸለቆ ነው። «ይህማ በረሃ ነው» አሉ። እኛ አባይ በረሃ የምንለው ያንን ገደል መሆኑን ልጆቹ ያን ጊዜ ገባቸው፤ ለእነሱ በረሃ ማለት ሜዳ ላይ ያለ አሸዋ ነበር። እናታችን የራሳቸው አባት አህያ ጭነው በረሃውን ሲያቋርጡ በጨረቃ ወርደው ፀሐይ ሳይወጣ ከወንዙ እንደሚደርሱ ነገሯቸው። «መውረዱ የእግር ነው፤ መውጣቱ የነፍስ ነው» አሏቸው።

እውነትም ተራራ ሲወጣ ከባዱ መጀመሪያ ስለሚመጣ የደከመ ሰው ይመለሳል። ሸለቆ ግን ቀላሉን አስቀድሞ ሰጥቶ ከባዱን ለድካምና ለሙቀት ሰዓት ያቆያል። ቁልቁለቱን በሃምሳ ደቂቃ ወረድነው፤ ለመውጣት እጥፉን ወሰደብን። ትልቁ ልጅ ምንም ሳይበላ ውሃ ብቻ እየደጋገመ ጠጥቶ ስለነበር አጋማሹ ላይ ራሱን አመመው፤ አቅለሸለሸውም። ጥላ ፈልገን አሳረፍነው፤ በጨው የተበጠበጠ በሶ ሰጠነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት አፋፉ ላይ ነበርን።

የሠራውና ያልሠራው

ከምግቡ ብጀምር፣ በበረዶ ሳጥን የያዝነው እንጀራ በሦስተኛው ቀን ሻገተ። ድርቆሹ፣ ቆሎው፣ ዳቦ ቆሎውና በሶው ግን እስከ መጨረሻው አገለገሉን። በትናንሾቹ የመንገድ ከተሞች የጾም ምግብ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ሽሮ ለመሥራት ማብሰያ ያለው ማደሪያ መያዛችን ጠቅሞናል። በሶ ከጨው ጋር ለሚያልበው ሰው ከሱቅ ከሚገዛው መጠጥ አያንስም። ለእናታችን ግን ግፊታቸው ስላለ እህቴ ጨውን በልክ ነበር የምታደርገው።

የአሥር ዓመቷ ልጅ አራተኛ ክፍልን በዚያው ዓመት ስለጨረሰች ለአራተኛ ክፍል ተማሪዎች የሚሰጠው ነጻ የፓርክ መግቢያ ነበራት፤ እስከ ኦገስት 31 የሚሠራ፣ በአንድ መኪና ያለውን ቤተሰብ የሚያስገባ። ዛየን በር ላይ በስልክ ብናሳይ አልተቀበሉንም፤ በወረቀት መታተም አለበት። 35 ዶላር ከፈልን። ማደሪያው ቤት ካተመልን በኋላ በብራይስና በግራንድ ካንየን ያለ ክፍያ ገባን። ልጅቷ በሦስቱም ፓርኮች «ጁኒየር ሬንጀር» የሚባለውን፣ ለልጆች የተዘጋጀ የፓርክ ጠባቂነት መጽሐፍ ሞልታ፣ ቀኝ እጇን አንሥታ ቃል ገብታ ባጅ ተቀበለች። ለሕፃናት ከዚያ የተሻለ ነገር አላየሁም፤ የመኪናውን ረጅም ሰዓት የረዳንም እሱ ነው።

ሰባት ሰው ሰባት መቀመጫ ባለው መኪና መጫን አልሠራም። ዕቃ ማስቀመጫ ስለጠፋ ውሃው ከሻንጣ ሥር ተቀብሮ ነበር፤ ሐሙስ ዕለት ወደ ሆርስሹ ቤንድ ስንሄድ የያዝነው ውሃ ያነሰውም በዚህ ምክንያት ነው። እኔና አማቼ ሰዓት ስንቀጣጠር አንዱ በአሜሪካ፣ ሌላው በእኛ አቆጣጠር እያሰበ ሁለት ጊዜ ተላልፈናል።

ለሌሎች የሚተላለፍ

ከሁሉ አስቀድሞ ሁለቱን ካላንደሮች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ፍልሰታ ሁልጊዜ ከኦገስት 7 እስከ 22 ነው፤ ይህ ደግሞ የትምህርት ቤት ዕረፍት መጨረሻና የበረሃው ብርቱ ሙቀት የሚገናኙበት ጊዜ ነው። በሙቀት ወራት ለሚውል ረመዳንም ነገሩ ያው ነው። ጿሚው ሰው ካለ እቅዱ በጾሙ ዙሪያ ይሠራ እንጂ ጾሙ በእቅዱ ዙሪያ አይሠራ። ፈቃድ የሚጠየቅ ከሆነም ከቤት ሳይወጡ ይጠየቅ።

ከንጋት እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት የእግር፣ ከዚያ እስከ 10 ሰዓት የጥላና የመኪና፤ እኛ ከአራተኛው ቀን በኋላ የሄድነው በዚህ ነው። የቀትርን ሰዓት «አጭር ናት» በሚባል መንገድ ላይ አታሳልፉ። እኛን የጎዳችን አጭሯ መንገድ ናት።

ሁለት ሌሊት በአንድ ቦታ ማደር ከሁለት ቦታ ይበልጣል። ዛየንን በእውነት ያየነው በሁለተኛው ቀን ነው፤ ግራንድ ካንየንንም ያየነው ሁለት ቦታ ስለሰረዝን ነው።

ስልክ በብዙው መንገድ ላይ ኔትወርክ የለውም፤ ካርታውን አስቀድሞ ማውረድ፣ ሰዓቱንም በእጅ በአሪዞና ላይ ማቆም ያስፈልጋል። ከአገር ቤት ለሚመጣ ወላጅ የጎብኚ ኢንሹራንስ ከአውሮፕላን ቲኬቱ ጋር አብሮ ይገዛ።

እናታችን በጥቅምት ወደ አገራቸው ተመለሱ። በስልክ ስንገናኝ ለጎረቤት የሚያወሩት ስለ አንቴሎፕ ብርሃን ወይም ስለ ሆርስሹ ቤንድ አይደለም፤ የልጅ ልጃቸው በረሃ ወርዶ በሰዓቱ ስለ መመለሱ ነው። ልጁም ቃሏን ይዟታል። ለመጪው ጉዞ ባዘጋጀው ወረቀት ላይ፣ ከእያንዳንዱ ጠባብ ሸለቆ ስም አጠገብ፣ በራሱ የአማርኛ ፊደል «ደራሽ?» ብሎ ጽፎበታል።